በጥይት ሳጥን የታቀፉት እንቁላሎች

አቶ ደረሰ መሞቱን በስልክ የነገረችኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ገና «ደህና አደርሽ» ሳልላት «ታቃፊው አረፈ» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ያለው አፌ ነው። ሆዴማ «ደግሞ ቀብሩ ላይ ምን ይነበብለት ይሆን?» እያለ ነበር።

አልተሳሳትኩም። ላሊበላ ደርሼ ከቀብረተኛው ጋር ስቀላቀል የሕይወት ታሪኩ መነበብ ጀምሯል። የሞተ ሰው ክፉው አይወራም፣ ደንብ ነው። ደንቡ ግን ዝም በሉ ይላል እንጂ ዋሹ አይልም። አንባቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በገዛ እጃቸው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ሠርተው የአካባቢያችንን እናቶች የዶሮ ባለቤት ያደረጉ ፈር ቀዳጅ ባለሙያ ነበሩ» ሲል ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ግን እየሳቅሁ ነበር።

እንግዲህ የእሱን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲያ ካነበበው፣ እኔም የማውቀውን ልጻፍ። በሕይወት ሳለ ዓመታት «አንቱ» ስለው ኖሬያለሁ። አሁን «እሱ» ይበቃዋል።

ከገነተ ማርያም ወረድ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ በልማት ጣቢያ አብረን ሠርተናል። እሱ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ እኔ የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛ ነበርን። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። በየወሩ እንሰበሰባለን፣ እርስ በርስ እንተቻቻለን፣ የተተቸ «ሂሴን ውጫለሁ» ብሎ ይቀመጣል። አቶ ደረሰ በዚህ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ተራው ሲደርስ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይነሣና፣ «በመሠረቱ የኔ ድክመት ሥራ ስወድ ጤናዬን መርሳቴ ነው። በዚህ ረገድ ሂሴን እውጣለሁ» ይላል። ሰብሳቢውም ከልቡ ያዝንለትና «ጓድ ደረሰ ራሱን ይጠብቅ» ብሎ ያስመዘግብለታል። ጤናውን የረሳው ሰውዬ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጣቢያው ደርሶ አያውቅም።

ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱንም የወሰደው ከእኔ ነው። ወሬውን ሁሉ በ«በመሠረቱ» ነው የሚጀምረው። ውሃ ሲጠማው እንኳ «በመሠረቱ ውሃ ብጠጣ ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ነው። ገበሬ ሲያናግር ደግሞ ዓይኑን ከሰውየው ራስ በላይ፣ ከተራራው ላይ ይተክላል፤ የሚያወራው ከተራራው ጋር ይመስል። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ጆሮውን ነው። በዶሮ ላባ ነበር የሚኮረኩረው። ሰው ችግሩን እየነገረው ላባዋን ያሽከረክራል፣ ሲጨርስ ጫፏን ያያል፣ ከዚያ «ኋላ ቀርነት!» ብሎ ይፈርዳል።

የማሽኑ ነገር የመጣው ፈንግል በገባበት ዓመት ነው። ፈንግል የዶሮ መቅሠፍት ነው። ከገና በፊት ገብቶ በሁለት ሳምንት መንደሩን ጭር አደረገው። ሴቶቹ ሬሳ እየለቀሙ ገደል ሲጥሉ ከረሙ። ማለዳ አውራ ዶሮ የማይጮኽበት መንደር እንዴት እንደሚያስፈራ ያየ ያውቀዋል። በየቤቱ አንድ ወይም ሁለት ብትተርፍ ነው። ከእነዚያ ትራፊዎች ጫጩት ካልወጣ ለከርሞ ዶሮ የሚባል ነገር አይኖርም። ለአንዲት ባል ለሌላት ሴት ዶሮ ማለት ደግሞ ጨው ናት፣ ሳሙና ናት፣ የልጅ ደብተር ናት።

አቶ ደረሰ በዚያ ሰሞን ለአምስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ነበር። ሲመለስ አንድ በአራት የታጠፈ የመፈልፈያ ማሽን ሥዕል ይዞ መጣ። ከጦርነቱ የተረፈ፣ በገመድ የሚያዝ አረንጓዴ የጥይት ሳጥን ጣቢያው ውስጥ ነበረን፤ አካፋና ዶማ እናስቀምጥበታለን። አካፋውን ከነዶማው ሜዳ ላይ ዘርግፎ ሳጥኑን ወሰደ። ውስጡን በብርድ ልብስ ቁራጭ ለበጠው፣ ጭድ ጎዘጎዘበት፣ ከሥሩ ፋኖስ የምትገባበት የቆርቆሮ ጓዳ አበጀለት፣ በአንድ ጎኑ ውሃ በጣሳ አስቀመጠ። ክዳኑ ላይ ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት ገጠመ። ለእውነቱ፣ እጁ መጥፎ አልነበረም። አናጺ ሆኖ ቢቀር አገር ይጠቀም ነበር። ሙቀት መለኪያ ሲያጣ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ከአቶ ፈንታ ዘንድ ሄዶ ቴርሞሜትር ለምኖ አመጣ። እንቁላል የሚፈልገው ሙቀት ሠላሳ ስምንት ገደማ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ላይም ሠላሳ ስምንት አለ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹን ዋርካው ሥር ሰበሰብናቸው፤ ሰብስቢ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ የተናገረው እሱ።

«በመሠረቱ» አለ ለተራራው፣ «ዶሮ ሥራዋ መጣል ነው። መታቀፍ የእኛ ሥራ ነው። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ቁጢጥ ብላ የምትውል ዶሮ ሥራ ፈት ናት።»

«ኧረ አንቱ! አራስ አርባ ቀን ትተኛ የለም ወይ? እሷም እኮ አራስ ናት!» አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ላባዋን አውጥቶ ጆሮው ውስጥ ከተተ። «ኋላ ቀርነት!»

ከዚያ በኋላ የትኛውም ቤት ዶሮ እንዳይታቀፍ፣ እንቁላሉ ሁሉ ወደ ሳጥኑ እንዲመጣ ታዘዘ። ዶሮ ከእቅፍ ማስተው የአገሩ ሴቶች ያውቁበታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክሯታል፣ ወይ በአፍንጫዋ ላባ ይሰኩባታል፣ ወይ ጎረቤት ወስደው ያከርሟታል። ይህን የሚያደርጉት ግን እንቁላል ሲፈልጉ ነው። ጫጩት ፈልጎ ታቃፊ ዶሮ ውሃ የነከረ ከእኛ ጣቢያ በፊት አልነበረም። እንቁላሉም ሞልቷል፤ ሁዳዴ ስለሆነ የሚበላው የለም። ሴቶቹ ነገ እንዳይጣሉ በየእንቁላላቸው ላይ በከሰል ምልክት እያደረጉ፣ አንዷ ሰረዝ፣ አንዷ ክብ፣ አንዷ ሁለት ነጥብ፣ በሰፌድ ይዘው መጡ። ያኔ ነው «ታቃፊው» የሚለው ስም የወጣለት። እሱ ሰምቶ ደስ አለው።

ያላመጡት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እትዬ አንጓች። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ወልድያ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው ገብተዋል። ከፈንግል የተረፈቻቸው አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። ስጠይቃቸው «የኔማ መጣልም ትታለች እቴ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ስገባ ግን እጄን ይዘው ከጎተራው ጀርባ ወሰዱኝ። ጨለማው ውስጥ ገብስማዋ አሮጌ ቁና ላይ ተነጥፋ፣ ላባዋን ነፍታ ታቅፋለች።

«አንቺ እጅሽ ቀና ስለሆነ ነው ያሳየሁሽ። የታቀፈች ዶሮ ለሰው አትታይም።»

«ስንት ናቸው?» አልኩ።

«ተይ አይቆጠርም! ያቻትና ምስማሯ፣ አየሻት?» ከጭዱ ውስጥ ጎባጣ ምስማር ብቅ ብላለች። «ሟቹ ከሠራው በር ላይ የነቀልኳት ናት። መብረቅና ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳይመታው ትጠብቃለች። በይ ለዚያ ሰውዬ እንዳትነግሪው። ሌላ ዘር የለኝም። እሷ ከከሸፈች አበቃ።»

«በማርያም! ለማንም አልነግርም» አልኳቸው።

ሳጥኑ ሥራ ጀመረ። አቶ ደረሰ መስታወቱን አጮልቆ ያያል፣ «ሠላሳ ስምንት!» ይላል፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል። በማግሥቱም ሠላሳ ስምንት። በሳልስቱም ሠላሳ ስምንት። የላስታ ብርድ ቅጠል ላይ ውርጭ ባደረገበት ማለዳ እንኳ ሠላሳ ስምንት። የጣቢያው ዘበኛ «አቶ ደረሰ፣ ፋኖሱን እኮ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት» ሲለው፣ «ሳጥኑ በመሠረቱ ሙቀት ይይዛል» ብሎ ግድግዳውን በጠመኔው መታ መታ አደረገ። «ይኸው ማስረጃው! ዶሮ እንኳ እንዲህ አትጸናም።» ግድግዳው በሠላሳ ስምንት ተሞላ።

አንዳንዱን እንቁላል ደግሞ ብርሃን ላይ አንሥቶ ያይና «ዘር የለውም፣ ለላቦራቶሪ ይሄዳል» ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወስደዋል። ላቦራቶሪው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በሁዳዴ እንቁላል በላ ብዬ አልምልም፤ አላየሁም። ብቻ እኛ በሽሮ ስንገረጣ የእሱ ፊት ይወዛ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከበላይ ጉብኝት እንደሚመጣ ተነገረ። ማሽኑ ዝናው ርቆ ተሰምቷል። ጎብኚዎቹ ተሞክሮውን አይተው ወደ ሌላ ቦታ ሊያስፋፉት ነው። ቀኑ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ተቆረጠ፣ ያም ልክ ሃያ አንደኛው ቀን ነው። ታቃፊው ከደስታው የተነሣ አንድ ቀን በሁለት ሰዓት ሥራ ገባ።

ከጉብኝቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ድሬሰሩ አቶ ፈንታ ቴርሞሜትሩን ሊወስድ መጣ። ትኩሳት የያዛቸው ሕፃናት በዝተውበታል። ከሳጥኑ አወጣው፣ እንደ ልማዱ ሁለት ሦስቴ አርገፍገፍ አርገፍገፍ አደረገው፣ አየው።

«ስንት ነበር የሚለው?»

«ሠላሳ ስምንት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት መስመር አልተናወጠም» አለ አቶ ደረሰ ደረቱን ነፍቶ።

አቶ ፈንታ ቴርሞሜትሩን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ትንሽ ጠበቀ፣ አወጣ፣ አየ። ሜርኩሪው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከሠላሳ አምስት በታች ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ ቁጥር የለውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የበሽተኛ ነው። አንዴ ከወጣ ካላራገፍከው አይወርድም። አራግፈኸው ታውቃለህ?»

አቶ ደረሰ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ድሬሰሩ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ዱካው ላይ ቁጭ አለ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም አላስቻለኝም። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ያነበብነው የመጀመሪያውን ቀን ሙቀት ነው። ፋኖሱ ቢነድ ሠላሳ ስምንት፣ ቢጠፋ ሠላሳ ስምንት፤ ሳጥኑ ቢቀበርም ሠላሳ ስምንት ይል ነበር።

«ይህ ጉዳይ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለ አቶ ደረሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ጫጩቶቹም አይወጡም» አለ አቶ ፈንታ።

አንዱን እንቁላል ሰበርነው። ሽታው ከክፍሉ አስወጣን። ውጭ ቆመን፣ ታቃፊው ላባውን አወጣ፣ ጆሮው ድረስ አደረሰና ሳይጠቀምበት መለሰው። ከዚያ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«የታቀፈች ዶሮ ያላት ሴት የለችም? ሁሉም ዶሮውን ከእቅፍ አስነሥቷል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። «የለችም» ማለትም እችል ነበር፣ ማን ያረጋግጣል? ለምን እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ አጥርቼ አላውቅም። የእኔም ስም እቅዱ ላይ ነበር፤ ጎብኚዎቹ ባዶ ሳጥን ቢያዩ ተቆጥቶ የሚገመግመኝ አይጠፋም። ብቻ አፌ ከፈት አለና «እትዬ አንጓች» አልኩ።

«አንቺን ያምኑሻል፣ አንቺ ሂጂ» አለኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሄድኩ። እትዬ አንጓች ገና ሲያዩኝ ነገሩ ገባቸው።

«ነገርሽው?»

«ሁለት ቀን ብቻ ነው እትዬ። እንግዶቹ ፊት እንዲፈለፈሉ ነው። ጫጩቶቹን እኔው ራሴ መልሼ አመጣልዎታለሁ።»

ወደ ጎተራው ጀርባ አዩ። የጣቢያ ሰው የጠየቀውን መከልከል በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ማዳበሪያውም የእርዳታ ስንዴውም የሚያልፈው በዚያው በር ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«ግድ የለም። አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «ያ ሳጥን ያሞቃል ወይ?»

«አዎ» አልኩ። «ያሞቃል።»

ገብስማዋን በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጓት። አልጮኸችም፣ አንዴ ብቻ አጉረመረመች። አሥራ አንድ እንቁላል ነጠላዬ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘው ደረደሩልኝ። መጨረሻ ላይ ምስማሯን መዘዙ። «ይችንም አብረሽ አስገቢያት። ከነሱ ጋር ትመለሳለች።»

ነጠላውን ሆዴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፅ ሰማሁ። እንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደሚንጫጫ አላውቅም ነበር። ቆምኩ። አንዱ ጮኸ፣ ሌላው መለሰለት። ሙቀታቸው እስከ ቆዳዬ ይሰማኛል። ያኔ ልመለስ እችል ነበር፤ ቤታቸው ገና ከኋላዬ ይታያል። አልተመለስኩም። አቶ ደረሰን በልቤ እየሰደብኩ፣ ምን ዓይነት ርካሽ ሰው ነው እያልኩ፣ ወደ አቶ ደረሰ ሄድኩ።

የሸተቱትን እንቁላሎች አስቀድሞ አውጥቶ ጥሏቸው ነበር፤ እነዚህን ተቀብሎ ጭዱ ላይ አስተኛቸው። ምስማሯን ሲያይ «ኋላ ቀርነት!» ብሎ መሬት ላይ ወረወራት። አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ሳጥኑን ግን እንደገና ለመጠገን ጊዜ አላጠፋም። ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። አቶ ፈንታን ለምኖ ቴርሞሜትሩን ለጉብኝቱ ቀን ተዋሰ፣ ብብቱ ሥር ከተተው፣ አውጥቶ አየው። ሠላሳ ስድስት ተኩል። እንደገና ከተተው። ያው ነው። ትኩሳት እንኳ እምቢ አለው! በመጨረሻ ፋኖሱ አጠገብ ትንሽ አስጠግቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስለት እንደ ዕንቁ ጠብቆ ሳጥኑ ውስጥ አጋደመው።

ጎብኚዎቹ በሁለት መኪና መጡ። ክዳኑ ተከፈተ። ከአሥራ አንዱ እንቁላል አንዱ ተበስቶ፣ በቀዳዳው ትንሽ ምንቃር ትታያለች። አንዴ ጮኸች። በጣም ቀጭን ድምፅ ነበር። አቶ ደረሰ እንቁላሏን በመዳፉ ከፍ አድርጎ አነሣት፣ «በመሠረቱ ሳይንስ አያዳላም!» አለ፣ ፎቶ ተነሣ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የምስክር ወረቀቱ እዚያው ተጽፎ ተሰጠው።

ከሰዓት በኋላ መኪናዎቹ ሲሄዱ ተመልሼ ገባሁ። ምንቃሯ በቀዳዳው ወጥታ እንዳለች ደርቃለች። ፋኖሱ ጠፍቷል። ሌሎቹን ጆሮዬ ላይ እያደረግሁ አዳመጥኳቸው፤ ቀዝቅዘዋል። አንድ በአንድ ስሰብራቸው ሁሉም ሙሉ ጫጩት ነበሩ፣ ላባቸውን አውጥተው የጨረሱ።

«አንቺ ንገሪያት» አለኝ አቶ ደረሰ፣ የምስክር ወረቀቱን ላስቲክ ውስጥ እየከተተ። «ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።»

እሺ አልኩ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሆሳዕና መጣ፣ ሕማማት መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ አልሄድኩም። ከፋሲካ በኋላ ወደ ፍላቂት ተዛወርኩ። ዘበኛው ገበያ ላይ አግኝቶኝ ገብስማዋ ባዶ ቁና ላይ እንደታቀፈች እህል ውሃ ሳትቀምስ መሞቷን ነገረኝ። «ያ ሰውዬ!» አልኩት በንዴት። «ያ ውርጋጥ!»

ታቃፊው ከዚያ ወዲህ ከፍ ከፍ አለ። ቡድን መሪ ሆነ፣ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ሰቀለው። በየስብሰባው ሳገኘው ከትከት ብሎ ይስቅልኛል፣ «በመሠረቱ አንቺ ታውቂያለሽ» ይለኛል። እኔም በየሄድኩበት ታሪኩን እተርክ ነበር። ስለ ቴርሞሜትሩና ስለ ግድግዳው ስንቱን ሰው አስቄበታለሁ! ሁልጊዜ የማቆመው «ጫጩቶቹም አይወጡም» የሚለው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ቀብሩ ላይ ንባቡ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ጀርባዬን የመቱኝ አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አሉኝና ፊቴን ቀና ብለው አዩት። እኔም አየኋቸው። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። እትዬ አንጓች ናቸው።

«እትዬ!» አልኩ። «እርስዎ... ለእሱ ቀብር ይህን ሁሉ መንገድ መጡ?»

«ምነው? እሱም መጥቶልኝ ነበር።»

«መቼ?»

«በዚያው ዓመት፣ ክረምት ላይ። ዝናብ ይዘንባል፣ ጭቃው እዚህ ድረስ» ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «በሬ ላይ ቆመ። አንዲት ነጭ የፈረንጅ ዶሮ ታቅፏል፣ እሷም እሱም በስብሰዋል። 'በመሠረቱ' አለኝ። ከዚያ ወዲያ መጨረስ አቃተው። አንገቱን ደፍቶ 'በመሠረቱ፣ በመሠረቱ' ሲል ቆየ። ግባ ብለው አልገባም አለ። ዶሮዋን አስቀመጠና ሄደ።»

የፈረንጅ ዶሮ! እንዲህ ዓይነት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም፣ ይህን የእንስሳት ባለሙያ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ልስቅ ምንም አልቀረኝ። «እንዴት ሆነች ታዲያ?» አልኩ።

«ምን ትሆናለች፣ ነጭ አይደለች? ጭልፊት ከሰማይ አየቻት። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየችም።» ሳቅ አሉ፣ ጥርስ የላቸውም። «ሞኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ግን መጣ።»

ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ክንዴን አልለቀቁም።

«አንቺን ግን ጠበቅሁሽ። ለጫጩቶቹ አይደለም፣ እነሱስ ማለቃቸውን በወሬ ሰማሁ። ምስማሬን ትመልሳለች ብዬ ነው።»

«አለች» አልኳቸው። «እኔ ጋ ናት። አልጠፋችም።» እውነቴን ነው። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ከመርፌና ከክር ጋር በአንዲት ቆርቆሮ ይዣት ዞሬያለሁ።

«በይ እንግዲህ አምጪያት» አሉ። «ዘንድሮም የታቀፈች አለችኝ።»

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ስለ ደረሰ ይህን ሁሉ ገጽ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁ። ምስማሯ ግን አሁንም ወረቀቱ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ናት።